የእናቶችን ጥያቄ የሰማችው ሐኪም፦ የማሪያ ሞንቴሶሪ ሕይወት



ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ የማኅበራችንን ልጆች የማስጠናት ተራው የእኔ ነበር። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የአማርኛ መጽሐፏን ይዛ መጣችና አንድ ሙሉ ገጽ ሳትደናቀፍ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። አጨበጨብኩላት። ከዚያ በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ምን እንደገጠማት ጠየቅኋት። ዝም ብላ አየችኝ። ጥያቄዬን ስደግመው ገጹን ከላይ ጀምራ እንደገና ማንበብ ጀመረች። ለእሷ ማንበብ ማለት ፊደሉን ወደ ድምፅ መለወጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር እንዳለ የነገራት ሰው የለም።

እውነቱን ለመናገር እኔም በልጅነቴ የተማርኩት እንደዚያው ነው። የራሴንም ልጆች ያስጠናሁት እንደዚያው ነው። ትልቁ ልጄ የፈተናውን ጥያቄ እያነበበ ምን እንደተጠየቀ ሳይገባው ሲወድቅ፣ ሰነፍ ነህ ብዬ ስንት ቀን ተቆጥቼዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል።

በዚህ እትም ስለ አንዲት ሴት ልጽፍላችሁ የፈለግኩት በዚህ ምክንያት ነው። ስሟን በየመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ፦ ሞንቴሶሪ። ብዙዎቻችን ስሙን ስናይ ትዝ የሚለን የወር ክፍያው ነው። ሞንቴሶሪ የሰው ስም መሆኑን፣ ያቺም ሰው ዝነኛ የሆነችበትን ሥራ የጀመረችው ማንበብና መጻፍ በማይችሉ ድሆች ልጆች መካከል መሆኑን እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናቷ ከጎኗ ቆመች

ማሪያ ሞንቴሶሪ ኦገስት 31 ቀን 1870 ኪያራቫሌ በምትባል ትንሽ የኢጣሊያ ከተማ ተወለደች። አባቷ አሌሳንድሮ የመንግሥት የፋይናንስ ሠራተኛ ነበር። እናቷ ሬኒልዴ ደግሞ በዚያ ዘመን ለሴት ብርቅ በሆነ መጠን የተማረችና ማንበብ የምትወድ ሴት ነበረች። ማሪያ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ወደ ሮማ ተዛወረ።

አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት መሐንዲስ ለመሆን ፈልጋ፣ ወንዶች የሚበዙበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች። በኋላ ሐሳቧን ለወጠችና ሐኪም እሆናለሁ አለች። አባቷ አልወደደውም። እናቷ ግን ከጎኗ ቆመች። በሮማ ዩኒቨርሲቲ ሴት ከወንዶች ጋር ሆና የሞተ ሰው ገላ መመርመሯ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ የአካል ጥናት ትምህርቷን ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ከአስከሬን ጋር ትሠራ ነበር። በ1896 በሕክምና ተመረቀች፤ ከኢጣሊያ የመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞችም አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ አገሯን ወክላ ተገኘች፤ ለእኩል ሥራ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ እኩል ደመወዝ ይከፈላቸው ብላም ተናገረች።

የተተዉት ልጆች

ከምረቃ በኋላ በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ስትሠራ ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ቤቶች ትመላለስ ነበር። በእነዚያ ቤቶች የአእምሮ እድገታቸው የዘገየ ልጆች ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። በአንዱ ክፍል ልጆቹ ከምግብ በኋላ ወለሉ ላይ እየዳሁ ፍርፋሪ ሲለቃቅሙ አየች ተብሎ ይተረካል። ጠባቂያቸው ሆዳምነታቸው ነው ብላ ተጸየፈቻቸው። ማሪያ ግን ክፍሉን ዙሪያውን አየች። ባዶ ነበር። ልጆቹ በእጃቸው የሚነኩት፣ የሚያገላብጡት፣ የሚያስቡበት አንድም ነገር አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመረች። ከእሷ በፊት እንዲህ ያሉ ልጆችን ለማስተማር የደከሙ ዣን ኢታርና ኤድዋር ሴጋን የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ነበሩ። ጽሑፎቻቸውን ከፈረንሳይኛ ወደ ጣሊያንኛ መልሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጇ ገለበጠች፤ የሴጋን መጽሐፍ ብቻውን ወደ 600 ገጽ ይጠጋል። ይህን ያደረገችው የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ረጋ ብላ ለማሰላሰል እንደሆነ በኋላ ራሷ ገልጻለች። መጻፍ ለእሷም የማሰቢያ መንገድ ነበር ማለት ነው።

በ1900 እነዚህን ልጆች ለሚያስተምሩ መምህራን በሮማ ማሠልጠኛ ሲከፈት ከኃላፊዎቹ አንዷ ሆነች። ከጠዋት እስከ ማታ ልጆቹን ራሷ ታስተምር ነበር። ከመካከላቸው ማንበብና መጻፍ የቻሉት በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር ተፈትነው አለፉ። ሰው ሁሉ ተአምር ነው አለ። እሷን ያሳሰባት ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። የእኔ ተማሪዎች ከጤነኞቹ እኩል ከሆኑ፣ ጤነኞቹን ልጆች ወደ ታች የያዛቸው ምንድን ነው? ብላ ጠየቀች።

ያልታወጀው ልጅ

በእነዚሁ ዓመታት በሕይወቷ የከበደው ነገር ደረሰባት። አብሯት ከሚሠራው ሐኪም ከጁሴፔ ሞንቴሳኖ በማርች 1898 ማሪዮ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደች። አልተጋቡም ነበር። በዚያ ዘመን ሳታገባ የወለደች ሴት ሥራዋንም ስሟንም ታጣ ስለነበር ሕፃኑ በምስጢር ለገጠር ሞግዚት ተሰጠ። በ1901 ሞንቴሳኖ ሌላ ሴት አገባ፤ ማሪያም ከማሠልጠኛው ለቀቀች። ልጇን እየሄደች ታየው ነበር እንጂ እናትህ ነኝ ማለት አልቻለችም። ማሪዮ አብሯት መኖር የጀመረው የእሷ እናት ካረፈች በኋላ፣ በ1913 ነው። ያኔም ቢሆን ለሰው የምታስተዋውቀው እንደ ዘመድ ልጅ ነበር።

ልጇን ለምን ተወች ብለን እንድንፈርድባት አይደለም ይህን የጻፍኩት። የሌላ ሰው ቤት ሕፃናት ሲያሳድጉ ውለው የራሳቸውን ልጅ በእረፍት ቀን ብቻ የሚያዩ እናቶች በእኛ ማኅበር ውስጥም አሉ።

ሳን ሎሬንዞ

ሳን ሎሬንዞ በሮማ ድህነት የጸናበት ሠፈር ነበር። አንድ የቤቶች ኩባንያ ያረጁ ሕንፃዎችን አድሶ ለሠራተኞች አከራየ። ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ትምህርት ያልደረሱ ልጆች ብቻቸውን ይቀሩና ደረጃውን ያበላሹ፣ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ይሞነጫጭሩ ነበር። ኩባንያው ለእድሳት ገንዘብ ከማውጣት ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ይሻላል ብሎ አሰበና ማሪያን ጠራ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ሃምሳ ያህል ልጆች ይዞ የመጀመሪያው የልጆች ቤት ተከፈተ።

ክፍያ አልነበረውም፤ የእናቶች ግዴታ ግን ነበረበት። ልጆቻቸውን አጥበው፣ ንጹሕ ልብስ አልብሰው ይልካሉ። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ መጥተው ከመምህሯ ጋር ስለ ልጃቸው ይነጋገራሉ። መምህሯም የምትኖረው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር።

ማሪያ መጀመሪያ ላይ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማንበብና መጻፍ የማስተማር ሐሳብ አልነበራትም። ልጆቹ እቃ እየደረደሩ፣ ቀለም እየለዩ፣ ቁልፍ መቆለፍ እየተማሩ ጥቂት ወራት ሲቆዩ ግን እናቶቹ መጡ። ልጆቻቸው እንደነቁ አይተው ስለነበር ፊደልም አስተምሩልን ብለው ለመኑ። አብዛኞቹ ራሳቸው ያልተማሩ ነበሩ። ማሪያ ሐሳቧን የለወጠችው በእነዚህ እናቶች ልመና ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስሟ የሚጠራው የንባብና የጽሕፈት ትምህርት የተወለደው ሳያነቡ ከኖሩ ሴቶች ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

ከወረቀት የተቆረጠ ፊደል

ቀድሞ በማሠልጠኛው ትጠቀምበት የነበረው ፊደል ከእንጨት በጥንቃቄ የተሠራና ውድ ነበር። ለሳን ሎሬንዞ እንዲያ ያለውን የሚሠራላት ሰው አጣች። ስለዚህ ከመምህራኑ ጋር ሆና ፊደሎቹን ከወረቀት ቆረጠች። ሌሎቹን ደግሞ አናጺ እንጨት ከሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጠፈች። ይህ የችግር መፍትሔ ከውዱ ዕቃ በልጦ ተገኘ። ልጁ ሻካራውን ፊደል በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ሲል ዓይኑ፣ ጆሮውና እጁ በአንድ ጊዜ ይማራሉ። የወረቀቱ ፊደል ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ብዙ ቅጂ ማዘጋጀት ይቻላል። ስለዚህ እርሳስ መያዝ ገና ያልቻለ ሕፃን ፊደሎቹን መሬት ላይ እየደረደረ በአእምሮው ያለውን ቃል ይሠራል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። እኛ ጽሕፈት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከሰሌዳ መገልበጥን ነው። በእሷ ክፍል ግን ልጁ ከማንም አይገለብጥም። ቃሉን ያስባል፣ ድምፆቹን ለይቶ ይሰማል፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ፊደሉን ፈልጎ ያስቀምጣል። እጁ ደግሞ በሌላ ሰዓት የቅርጽ ዙሪያ እየተከተለና ውስጡን በእርሳስ እየቀባ ለብቻው ይለማመዳል። ሐሳቡና እጁ ለየብቻ ከበሰሉ በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው ይገናኛሉ።

ያ ቀን የመጣው በ1907 ዲሴምበር፣ ፀሐይ በወጣበት የክረምት ቀን ነው። ማሪያ ከልጆቹ ጋር የሕንፃው ጣሪያ ላይ ነበረች። ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጠመኔ ሰጥታ የጭስ ማውጫውን እንዲስል ነገረችው። ልጁ ወለሉ ላይ ሳለ። አበረታታችው። ልጁ ፈገግ ብሎ ጥቂት ዝም አለና፣ መጻፍ መቻሉን በደስታ እየጮኸ ተንበርክኮ እጅ የሚለውን ቃል ጻፈ። ቀጥሎ ጭስ ማውጫ፣ ቀጥሎ ጣሪያ ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ ልጆች እየሮጡ መጡ፤ ጠመኔ እንዲሰጣቸው ለምነውም እየተንቀጠቀጡ ጻፉ። ቃል ጽፈው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ወለሉ፣ በሩ፣ የዳቦው ቅርፊት ሳይቀር ተጻፈበት። እናቶቹ ቤታቸውን ለማትረፍ ሲሉ ለልጆቻቸው ወረቀትና እርሳስ ገዙላቸው።

ዝም ብሎ ማንበብ

ንባቡ የመጣው ከጽሕፈቱ በኋላ ነው። ማሪያ እዚህ ላይ ጥብቅ ነበረች። ፊደሉን እያየ ድምፅ የሚያወጣ ልጅ ገና አላነበበም ትል ነበር። ለእሷ ማንበብ ማለት ከተጻፈው ምልክት ውስጥ ሌላ ሰው ያሰበውን ሐሳብ ማግኘት ነው። ወዳጆቿ የሚያማምሩ መጻሕፍት ለልጆቹ አመጡ። ልጆቹም ገጹን አነበነቡት። እንደማይገባቸው ባየች ጊዜ ግን መጻሕፍቱን አስነስታ ጊዜው እስኪደርስ ጠበቀች።

በመጻሕፍቱ ምትክ ቁራጭ ወረቀቶች አዘጋጀች። መጀመሪያ የአሻንጉሊት ስም ጻፈችባቸው፤ ወረቀቱን አንብቦ ለገባው ልጅ አሻንጉሊቱ ይሰጠዋል። ልጆቹ ግን አሻንጉሊቱን ትተው ሌላ ወረቀት ለማንበብ ተሻሙ። ቀጥላ ትእዛዝ ጻፈች። ወረቀቱ መስኮቱን ዝጋ፣ በሩን ክፈት፣ ጥቂት ጠብቀህ ሁሉንም እንደነበረ መልስ ይላል። ሌላው ደግሞ ስምንት ጓደኞችህን በትሕትና አስነስተህ በሁለት ረድፍ አሰልፍና ድምፅ ሳያሰሙ በእግር ጣታቸው እንዲራመዱ አድርግ ይላል። ልጁ ድምፅ ሳያሰማ ያነብባል፤ ይነሳል፤ ያደርጋል። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

በ1916 ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባሳተመችው ሰፊ መጽሐፍ ይህንኑ አሳደገችው። ከፍ ያሉት ልጆች አጭር ታሪክ ለብቻቸው አንብበው የሰዎቹን ሁኔታና ስሜት በእንቅስቃሴ ያሳያሉ። በሰዋስው ትምህርት ትርጉማቸው የሚቀራረብ ግሶችን በተግባር ይለያሉ፤ በእኛ ቋንቋ ማስቀመጥን፣ መጣልንና መወርወርን እንደመለየት ማለት ነው። ያልገባው ልጅ በድርጊቱ ይታወቃል። መምህሯ ገባህ ወይ ብላ መጠየቅ፣ ልጁም አዎ ብሎ መዋሸት አያስፈልገውም።

ዝናና ጥፋት

በ1909 ስለ ዘዴዋ የጻፈችው የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ መምህራንም ከሩቅ አገር ወደ ሮማ ይጎርፉ ጀመር። ነቃፊዎችም አልጠፉም። በ1914 ኪልፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ዘዴው የልጆችን ምናብና አብሮ መሥራትን ያጠብባል ሲል ጻፈ። እሷም መምህራንን ከእኔ በስተቀር ማንም አያሠልጥን፣ መሣሪያዎቹም ከታወቀው ሥራ አይውጡ ባይ ነበረች። ይህ ጥራቱን ጠበቀ፤ ግን ከወረቀት ተቆርጦ የተጀመረው ነገር ውድ ዕቃ እንዲሆን አንድ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ የሚከብድ ጉዳይም አለ። ከ1924 ጀምሮ የሙሶሊኒ መንግሥት ለትምህርት ቤቶቿ ድጋፍ ሰጠ፤ እሷም ተቀበለች። ለዓመታት አብረው ሠሩ። በመጨረሻ አልተስማሙም፤ ራሱን ችሎ የሚያስብ ልጅና ታዘዝ ብቻ የሚል መንግሥት የሚስማሙ አይደሉም። በ1934 ከአገሯ ወጣች፤ በኢጣሊያ ያሉት ትምህርት ቤቶቿም ተዘጉ። በጀርመንም ናዚዎች ዘጓቸው። በዓመቱ የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ወረረ። ከዚያ ሰው ድጋፍ መቀበሏን ለእሷ ብዬ አልሸፍነውም። ትልቅ ሥራ የሠራ ሰውም ገንዘብ የሚመጣበትን በር አጥርቶ ላያይ ይችላል። ለማኅበራችንም ትምህርት ይሆነናል።

በስደት ማረፍ

በ1936 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ትኖርበት ከነበረው ከባርሴሎና ወጥታ ወደ ሆላንድ ሄደች። በ1939 ከማሪዮ ጋር ለሥልጠና ወደ ህንድ ተጓዘች። በዓመቱ ኢጣሊያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ እንግሊዞች ማሪዮን አሰሩ፤ እሷም በማድራስ አቅራቢያ ካለችበት ግቢ እንዳትወጣ ተከለከለች። ኦገስት 31 ቀን 1940፣ ሰባ ዓመት በሞላት ቀን፣ የእንግሊዝ እንደራሴ ለልደቷ ስጦታ ልጇን እንፈታለን ብሎ ላከላት። በዚያ መልእክት ማሪዮ ልጇ ተብሎ ተጠራ። አርባ ሁለት ዓመት የተደበቀው ነገር በባዕድ መንግሥት ወረቀት ላይ ተጻፈ።

በህንድ በቆየችባቸው ዓመታት ከሺህ በላይ መምህራንን አሠለጠነች። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አውሮፓ ተመልሳ በ1949፣ በ1950 እና በ1951 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጨች፤ አላገኘችውም። ሜይ 6 ቀን 1952 በሆላንድ ኖርድቬይክ በምትባል የባሕር ዳር መንደር በ81 ዓመቷ አረፈች፤ የተቀበረችውም እዚያው ነው። ያን ቀን ከማሪዮ ጋር ወደ ጋና ሄደው መምህራን ስለማሠልጠን ይነጋገሩ ነበር ይባላል። በኑዛዜዋ ማሪዮን ልጄ ብላ ጠራችው።

እኛስ?

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ከአስጠኚ እህቶች ጋር ተነጋገርን። ከሱቅ የተጣለ ካርቶን ሰብስበን ፊደል ቆረጥን። የእኛ ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት፣ 231 ስለሆነ መቀስ የያዘ እጅ ሁሉ ደክሟል፤ ገና አልጨረስንም። ቁራጭ ወረቀቶች ላይም ትእዛዝ ጻፍን። ልጆቹ ታሪክ አንብበው ሲጨርሱ ስንት ገጽ እንዳነበቡ መጠየቅ ትተናል። ማን ምን አደረገ፣ ለምን አደረገ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱንም በራሳቸው ቃል ሁለት መስመር እንዲጽፉ እናደርጋለን። ስሕተቱን ወዲያው በቀይ አንሰርዝም።

ማንበብ የማትችሉ እናቶችም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ልጃችሁ አንብቦ ሲጨርስ ታሪኩን እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ካልገባችሁ፣ ለእሱም አልገባው ይሆናልና መልሶ እንዲያይ ንገሩት። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ልትረዱን ብትፈልጉ የሚያስፈልገን ወፍራም ወረቀት፣ መቀስ፣ ማርከርና ደብተር ነው።

በመጀመሪያ የነገርኳችሁ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቁራጭ ወረቀት ደረሳት። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አነበበችው። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች፤ ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ተነስታ ከእንስራው ውኃ ቀዳችና በክፍሉ ውስጥ ካለነው በዕድሜ ትልቋ ለሆኑት እማማ በሁለት እጇ ይዛ አቀረበች። ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተረኞች ካርቶንና መቀስ ይዛችሁ እንድትመጡ አደራ።